ከመንገድ ዳር የተቀበረው ባልዲ

በፈረንጆቹ ሜይ 3 ቀን 2000 ዴቭ አልመር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ቢቨርክሪክ ከምትባል ትንሽ መንደር አቅራቢያ፣ ከመንገድ ዳር አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ ወገቡ ድረስ ቀበረ። ውስጡ የካርታ ሶፍትዌር፣ ቪዲዮዎች፣ መጻሕፍት፣ ጥቂት ገንዘብ፣ የላስቲክ ወንጭፍና አንድ ጣሳ ባቄላ ነበር። ከዚያ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ኢንተርኔት ላይ አወጣው። ያገኘ ሰው የፈለገውን ይውሰድ፣ በምትኩ የራሱን ያኑር። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኙት።

ለምን በዚያ ቀን? እስከ ሜይ 1 ሌሊት ድረስ የአሜሪካ ጦር ለተራው ሕዝብ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል፤ በ100 ሜትር ስህተት ደግሞ ጫካ ውስጥ ባልዲ አይፈለግም። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማዛባቱ ይቁም አሉ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ቆመ። በማግስቱ አልመር ባልዲውን ይዞ ወጣ። ወሩ ሳያልቅ ጨዋታው ጂኦካሺንግ የሚል ስም ወጣለት። በሴፕቴምበር የራሱ ድረ ገጽ ሲከፈት ተመዝግበው የነበሩት 75 ድብቆች ብቻ ናቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል።

እስከዚህ ያለውን የጨዋታው ወዳጆች ሁሉ ያውቁታል። ብዙ የማይወራው ግን ቃሉ ራሱ ነው። "ካሽ" ሲባል ገንዘብ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ነገሩ ግን "መደበቅ" ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። የቆዳ ነጋዴዎች መሸከም ያቃታቸውን ዕቃ እስኪመለሱ ድረስ መሬት ውስጥ ይቀብሩ ነበር፤ ጉድጓዱን ካሽ አሉት። በ1805 ሉዊስና ክላርክ ወደ ፓስፊክ ሲጓዙ ይህንኑ አደረጉ። ሉዊስ አሠራሩን በማስታወሻው ዘርዝሮታል። ደረቅና ከፍ ያለ ቦታ ይመረጣል። ሣሩ ከነአፈሩ በክብ ተቆርጦ ይነሳል። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈራል። የሚወጣው አፈር ጨርቅ ላይ እየተደረገ ወንዝ ውስጥ ይደፋል፣ ምልክት እንዳይሆን። በመጨረሻም ሣሩ እንደነበረ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም፣ በ1806 ሲመለሱ ከፏፏቴዎቹ አጠገብ የቀበሩት ጉድጓድ ውሃ ገብቶበት ነበር። የድብ ቆዳዎቹና ሉዊስ አድርቆ የያዛቸው ዕፅዋት በስብሰዋል፤ ካርታው ግን ተረፈ። የራሰ መዝገብ ከፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አውጥቶ የሚያውቅ የዛሬ ፈላጊ ሐዘኑ ይገባዋል።

ወደ ቢቨርክሪክ እንመለስ። በስተ ሰሜን ምዕራብ ኦሪገን ሲቲ አለች፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰፋሪዎች በበሬ ጋሪ የተጓዙበት የኦሪገን መንገድ ማብቂያ። በ1845 የሳሙኤል ባርሎው ቡድን የሁድ ተራራን በየብስ ለመዞር ሲሞክር ክረምቱ ደረሰበት። ጋሪዎቹንና ዕቃውን ተራራው ላይ ትቶ፣ አንድ ሰው ጠባቂ አድርጎ፣ በእግርና በፈረስ ወረደ። በ1846 መንገዱ ተጠርጎ ተከፈተ፤ ለአንድ ጋሪ 5 ዶላር ያስከፍል ነበር። የባርሎው ሸሪክ የፊሊፕ ፎስተር እርሻ፣ የደከመው መንገደኛ የሚያርፍበት፣ አልመር ባልዲውን ከቀበረበት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ዕቃን ከመንገድ ዳር ትቶ መሄድ በዚያ አካባቢ በ2000 አልተጀመረም።

የባልዲው ቦታ በ2003 የመታሰቢያ ሰሌዳ ተተከለለት። ባልዲው ቀድሞ ጠፍቷል፤ የባቄላው ጣሳ ግን ዝጎ እዚያው ተገኘ፣ እንደ ቅርስም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

በትንንሽ ከተሞች የሚዘወተር አንድ የጨዋታው ዓይነት አለ። ፈላጊው በመጀመሪያ የተላከበት ታሪካዊ ሐውልት ወይም ሰሌዳ ዘንድ ሄዶ ዓመተ ምሕረቱን ያነባል፤ አኃዞቹን ደምሮ ቀንሶ ቀጣዩን ነጥብ ያገኛል። አንድም ሰው ቆሞ ወደማያነበው ሰሌዳ ሰው መሳቡ መልካም ነው። ግን አብዛኛው የሚያነበው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ የትኛው ዓመት ቁጥር እንደሚሆን የወሰነውም ሰሌዳውን ያስቀረጸው ሰው ነው። 1844 ለምሳሌ ምቹ ቁጥር ነው፤ ኦሪገን ሲቲ በሕግ ከተማ የሆነችበት። 1855ም ቁጥር ነው፤ ክላካማስና ሞላላ የተባሉት የአካባቢው ሕዝቦች መሬታቸውን የሚያስረክብ ውል የፈረሙበት። 1856 ደግሞ ግራንድ ሮንድ ወደሚባለው ክልል የተጋዙበት። ክላካማስ ዛሬ የወረዳውና የወንዙ ስም ነው። ስሙን ጂፒኤሱም ያሳያል፤ ሕዝቡ የት እንደሄደ ግን አያሳይም።

እነርሱ ዕቃ ቀብረው አልሄዱም፤ የተዉት ከነፏፏቴው አገሩን ነው። ኦሪገን ሲቲ ጫፍ ላይ ያለው የዊላሜት ፏፏቴ ሳልመን ያጠምዱበት የነበረ ቦታ ነው። በኋላ ፋብሪካዎች ሠፈሩበት። በ2019 የግራንድ ሮንድ ጎሳዎች ኅብረት ከፏፏቴው አጠገብ ያለውን የተዘጋውን የወረቀት ፋብሪካ ግቢ በገንዘቡ ገዛው።