ዓይነት 2 የስኳር በሽታን ወደ ኋላ መመለስ

ዓይነት 2 የስኳር በሽታን ወደ ኋላ መመለስ ማለት በሽታው የተገኘበት ሰው ክብደቱን በብዙ ቀንሶ የደም ስኳሩን ያለ መድኃኒት ከበሽታው መለያ ልክ በታች ማቆየቱ ነው። ሐኪሞች ረሚሽን ይሉታል። የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የብሪታንያ የስኳር በሽታ ማኅበራት በ2021 በተስማሙበት መለኪያ፣ መድኃኒት ካቆመ ቢያንስ ሦስት ወር ያለፈው ሰው የሄሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ ውጤቱ ከ6.5 በመቶ በታች መሆን አለበት። ይህ ምርመራ በተለምዶ «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለው ነው፤ ከቀይ የደም ሕዋስ ጋር የተጣበቀውን ስኳር ስለሚለካ በምርመራው ዋዜማ ራት መዝለል አያታልለውም። ረሚሽን ፈውስ አይደለም፤ ክብደቱ ከተመለሰ ስኳሩም ይመለሳል።

በሽታው ከዓመት ዓመት እየከፋ የሚሄድ፣ ከአንድ ክኒን ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ ኢንሱሊን መርፌ የሚያደርስ ነው የሚለው እምነት ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቷል። ጥርጣሬ ካስነሱት ነገሮች አንዱ ለውፍረት የሚደረገው የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ነበር፦ የታካሚዎቹ ክብደት ገና ሳይወርድ ስኳራቸው በቀናት ውስጥ ይስተካከላል። በእንግሊዝ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሮይ ቴይለር ዋናው ምክንያት ምግብ በድንገት መቀነሱ ነው አሉ። በ2008 ባቀረቡት መላ ምት፣ ትርፍ ምግብ ወደ ስብ ተለውጦ ጉበት ውስጥ ይከማቻል፤ ስብ የሞላው ጉበት የኢንሱሊንን ትእዛዝ ችላ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ከጉበት የተረፈው ስብ ደግሞ ወደ ቆሽት እየሄደ ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳትን ያደክማል። «ራት ሳልበላ አድሬ ጠዋት ስኳሬ ለምን ከፍ አለ?» ለሚለው የብዙ ሕሙማን ጥያቄም መልሱ በአመዛኙ እዚሁ ጉበት ላይ ነው።

መላ ምቱን ለመፈተን 11 ሕሙማን ለስምንት ሳምንት በቀን 600 ካሎሪ ገደማ ብቻ ወሰዱ። ምግባቸው በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄትና ስታርች የሌለው አትክልት ነበር። በ2011 የታተመው ውጤት አስገራሚ ነው፦ በባዶ ሆድ የተለካው አማካይ ስኳራቸው በአንድ ሳምንት ብቻ ከ166 ወደ 106 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወረደ፤ በስምንተኛው ሳምንት የጉበታቸው ስብ ከ12.8 ወደ 2.9 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጉበቱ ፈጥኖ ሲጠራ ቆሽቱ ለመንቃት ሳምንታት ፈጀበት።

አስራ አንድ ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ቴይለርና የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ማይክ ሊን ዳይሬክት የተባለውን ጥናት በስኮትላንድና በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ 49 ጤና ጣቢያዎች፣ 306 ሕሙማን ላይ አካሄዱ። ተሳታፊዎቹ በሽታው ከተገኘባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ ነበሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ የአመጋገብ ለውጥ ካደረጉት 46 በመቶው ረሚሽን ላይ ደረሱ፤ የተለመደውን ሕክምና ከተከታተሉት ግን 4 በመቶው ብቻ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል 86 በመቶው ተሳክቶላቸዋል። በሁለተኛው ዓመት 46ቱ ወደ 36 በመቶ ወርዷል፤ ከመቀነሱ ይልቅ የቀነሱትን አለመመለሱ ነው ከባዱ።

ቀጭን ሰው ስኳር አይይዘውም የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ቴይለር እያንዳንዱ ሰው የራሱ የስብ መሸከሚያ ጣራ አለው ይላሉ፤ ከዚያ ካለፈ ቀጭንም ይታመማል። ወፍራም ያልሆኑ 20 ሕሙማን በተሳተፉበት ሌላ ጥናት 14ቱ ክብደት ቀንሰው ረሚሽን ላይ ደርሰዋል። ይህ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ጉዳይ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ወደ እስራኤል የተጓዙት ቤተ እስራኤላውያን አገር ቤት ሳሉ በሽታውን እምብዛም አያውቁትም ነበር፤ እስራኤል ከኖሩ በኋላ ግን ተስፋፋባቸው፣ ያውም ከሌላው ሕዝብ ባነሰ ክብደት። ስለዚህ የሚዛኑን ቁጥር ብቻ አይቶ «እኔ ወፍራም አይደለሁም» ማለት ብዙም አያስተማምንም።

አነስተኛ ካሎሪ ያለው አመጋገብ ያለ ሐኪም አይጀመርም። ከስኳር መድኃኒቶች ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የሚጥለው እምብዛም ነው፤ ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን ግን ምግብ ሲቀንስ መጠናቸው አስቀድሞ ካልተቀነሰ ስኳሩን ከ70 በታች ሊያወርዱት ይችላሉ፤ ያኔ ላብ፣ መንቀጥቀጥና መዘባረቅ ይመጣል። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ምእመንም ይህንኑ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት። በውኃ የሚበጠበጠው የዱቄት ምግብ ውድ ለሆነበት ወይም ለማያገኘው ሰው የሚበጀው ገበታውን መቀነስ ነው፦ ለስላሳ መጠጥና በስኳር የጣፈጠ ሻይ መተው፣ እንጀራውን ማሳነስ፣ ጎመኑንና ምስሩን ማብዛት። ጤፍም ቢሆን አብዛኛው ስታርች ነው፤ ብረቱና አሰሩ ይህን አይሽሩትም። ከምግብ በኋላ ትንሽ መራመድ ጡንቻ ስኳሩን እንዲወስድ ይረዳል፤ ብቻውን ግን ክብደት የማውረድ አቅሙ ትንሽ ነው።

ረሚሽን ላይ የደረሰ ሰው ክትትሉን አያቋርጥም። የሦስት ወር ስኳር ምርመራው ቢያንስ በዓመት አንዴ ይደገማል፤ የዓይን፣ የኩላሊትና የእግር ምርመራውም ይቀጥላል፤ ስኳሩ ከፍ ባለበት ዘመን የተጀመረ ጉዳት ስኳሩ ከወረደ በኋላም ሊታይ ይችላልና።