ጋፋት ላይ የቀለጠው ናስ

ጠጋ በሉማ፣ የሞጣ ሰዎች! ወሬው የሩቅ አገር አይደለም። ከዚህ ተነስታችሁ ወደ ዓባይ ውረዱ፤ ሰባራ ድልድይን ተሻገሩና በአንዳቤት፣ በእስቴ አድርጋችሁ ደብረ ታቦር ውጡ። ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት አለች። አገራችን ሩቅ የሚመታ መሣሪያ በራሷ እሳት ልትሠራ የታገለችው እዚያ ነው።

አፄ ቴዎድሮስን አምባ ላይ የመሸገ ሽፍታ አታክቷቸው ነበር። ወደ ሰማይ ወጥቶ በራሱ ክብደት ከምሽግ ጀርባ የሚወድቅ አረር ፈለጉ። ዛሬ ኃያላኑ ባሕር የሚያሻግሩት ባለስቲክ ሚሳኤልም ነዳጁ ካለቀ በኋላ የሚጓዘው በዚሁ ሕግ ነው። ንጉሡ ከአውሮፓ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን እነ ዋልድማየርን መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሰዎቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም። ምድጃ ተሠራ፣ ወናፍ ተነፋ፣ ከሸፈ። ንጉሡ ድገሙት አሉ። ደገሙት። መጀመሪያ ትንንሾቹ ወጡ፤ በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መድፉ ግዝፈት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ ድገሙት ነው። ከሽፎ እንደገና የተነደደ ምድጃ ትምህርት ቤት ነው!

ታዲያ ጊዜው ከዳቸው። የእኛ ጎጃም በተድላ ጓሉ መሪነት ቀድሞ አምጿል። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገብተዋል። ንጉሡ በ1860 መባቻ መድፉን በሰረገላ ጭነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ አምባ ተነሡ። መንገድ የለም፤ እየቆፈሩ፣ እሳቸውም ድንጋይ እያነሡ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል በመቶ በሚቆጠር ሰው እያስጎተቱ ወደ ስድስት ወር ፈጀባቸው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ በዕለተ ስቅለት፣ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ከመቅደላ በታች እሮጌ ሜዳ ደረሰ። ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያ ተኩሱ ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ። ከወዲያ የእንግሊዝ ባሕረኞች ሮኬት ለቀቁ። የንጉሡ የጦር አለቃ ፊታውራሪ ገብርዬ በዚያ እሳት መካከል ሲገሰግሱ ወደቁ፤ ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው አለቀ፤ ከእነሱ ቆስለው የሞቱት 2 ብቻ ናቸው።

ይህን ልብ በሉልኝ፦ እንግሊዝም የጦር ሮኬትን ጉልበት ያወቀው ሕንድ ውስጥ የማይሶር ሰዎች ሲተኩሱበት ነው። የወደቀበትን ለቅሞ ወሰደ፣ መረመረ፣ አሻሻለ፤ ሥራውን ከአባት ለልጅ አስተላለፈ።

በእኛ ሰማይ ሥር ኅዳር 4 ቀን 2013 ሌሊትም ሮኬት ታየ፤ ከትግራይ ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር አየር ማረፊያዎች ተተኮሰ። ወንድም በወንድሙ ላይ! ይህን ሳወራ አንደበቴ ይከብደኛል፤ ልለፈው።

ወደ መቅደላ ልመለስ። ሰኞ ሚያዝያ 6 ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ናሱ እስከ ዛሬ መቅደላ አለ። እሳቱን የሚያውቁት ግን ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ከመድፍ ሠሪዎቹ አንዱ ሞሪትዝ ሆል ያፋ ገባ። ዋልድማየር ሊባኖስ ወርዶ ከአምስት ዓመት በኋላ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። ያ ትምህርት ቤት ለጋፋት ይገባት ነበር።