ጎረቤት ማን ነው? የፋብሪካ ብክለት ሕግ ታሪክ በኢትዮጵያ



የዛሬውን ንግግሬን ከአንድ ወንዝ እጀምራለሁ። ትንሹም ሆነ ትልቁ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። በዳርና ዳሩ ቆዳ ፋብሪካው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ጠማቂው ተተክሏል። ወንዙ ንጹሕ ውኃ ሰጪም ቆሻሻ ተሸካሚም ሆኖ ለሁሉም አገልግሏል። ዝቅ ብሎ ያለው ገበሬ ደግሞ በዚያው ውኃ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል፤ አትክልቱም ተመልሶ ለከተማው ገበያ ይቀርባል። እንግዲህ የሕጋችን ታሪክ በሙሉ በአንድ ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ የፋብሪካ ጎረቤቱ ማን ነው?

የመጀመሪያው መልስ የሚገኘው በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ አርቃቂነት በተዘጋጀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። አንቀጽ 1225 ባለቤት የሆነ ሰው ከመልካም ጉርብትና ወሰን ባለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት ወይም ንዝረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ስለ አካባቢ ጥበቃ በዓለም ብዙም ባልተነገረበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ሕጉ በዓይኑ ፊት ያየው በአጥር የሚዋሰኑ ሁለት ሰዎችን ነው። ጭስ ከየት እንደመጣ ይታያል። ቆዳ ማልፊያው ክሮሚየም ግን ከሌላው ፍሳሽ ጋር አንድ ጊዜ ወንዝ ውስጥ ከተቀላቀለ በኋላ የማን እንደሆነ ማን ይለያል? ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለው ገበሬስ በምን አቅሙ ያስረዳል?

ሁለተኛው መልስ በ1987 ዓ.ም. መጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር የሁሉም ሰው መብት መሆኑን ደነገገ። በዚያው ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ለረጅም ዘመንም በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ተመራ። በ1995 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደግሞ ሁለት መንትያ አዋጆች ወጡ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት ፕሮጀክቱ በአካባቢ ጥበቃ አካል መፈቀዱን እንዲያረጋግጡ አዘዘ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ለተቆጣጣሪዎች ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ድርጅት ቅጥር የመግባት ሥልጣን ሰጠ። ቅጣት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ብክለትን ለመቆጣጠር የሚመጡ አዳዲስ መሣሪያዎች ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ እንዲሆኑም ፈቀደ።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 11 ነው። ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካይ ነው በሚለው ወገን ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በዚህ አንቀጽ አጥሩ ፈረሰ፤ የወንዙ ጎረቤት አገሬው ሁሉ ሆነ።

በወረቀት እንዲህ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የባለሙያዎች ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የተነሣ ባለሥልጣኑ ግዴታውን አልተወጣም ብሎ ከሰሰ። ክሱ ውድቅ ሆነ፤ የወንዞቹ መበከል በማስረጃ ተመርምሮ ፍርድ ሳያገኝ ቀረ። ይህን ጉዳይ ባስተማርሁ ቁጥር የምለው አንድ ነው፤ ያ ማኅበር ተረታ ማለት አንቀጹ ሞተ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የ2001 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 መጣ። ደንቡ ነባር ፋብሪካዎች ከመመዘኛው ጋር እንዲጣጣሙ የ5 ዓመት እፎይታ ሰጠ። እፎይታውን አልነቅፍም። የፍሳሽ ማጣሪያ ውድ ነው፤ ፋብሪካ በአንድ ጀንበር ቢዘጋ ሠራተኛው ሜዳ ላይ ይወድቃል። ነገር ግን በነዚያ ዓመታት የወንዙ ታች ሰው በየዕለቱ ውኃ ይቀዳ ነበር፤ ለእርሱ እፎይታ የሰጠው ሕግ አልነበረም። ቀነ ገደቡ ሲደርስ ደግሞ ጠባቂው መሥሪያ ቤት ራሱ በለውጥ ላይ ነበር፤ በ2005 ሚኒስቴር፣ በ2011 ኮሚሽን፣ በ2014 እንደገና ባለሥልጣን ሆነ። ስምና መዋቅር በተቀያየረ ቁጥር ቁጥጥር ልምድ አያጠራቅምም።

«ድሀ አገር አስቀድሞ ሥራ ያስፈልጋታል» የሚለውን ክርክር አከብራለሁ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግን ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ ወደ ሐይቁም እንዳይለቅ ታስቦ ተሠርቷል፤ ሥራና ንጹሕ ውኃ አብረው ሊታቀዱ እንደሚችሉ ያሳያል። የማጣሪያው ወጪ ቢቀር እንኳ ጠፍቶ አይጠፋም፤ ወጪውን ያልተጠየቀው ገበሬ በማሳውና በጤናው ይከፍለዋል።

ከዓመታት በፊት ተማሪዎች ይዤ ወደ አቃቂ ወርጄ ነበር። ጎመን የሚያጥቡ አንዲት እናት አገኘን። ስለ አንቀጽ 11 በደስታ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «ልጄ፣ ደግ ሕግ ነው። ማመልከቻውን ማን ይጽፍልኛል?» አሉኝ።

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም፤ ተማሪዎቼም አቀርቅረው ዝም አሉ። ዛሬ ግን ይህ አዳራሽ መልስ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እዚህ የተቀመጣችሁ የሕግና የታሪክ ተማሪዎች መጻፍ ትችላላችሁ። 30 ቀን ምን ማለት እንደሆነ፣ 60 ቀን መቼ እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ። ሕጉ ጎረቤት ያደረገው ማንኛውንም ሰው ነው፤ እናንተም በዚያ ቃል ውስጥ ናችሁ።