አያቴ ነጋዴ አልነበረም

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ቶርኖ ላውራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ዓመት አንዲት ትንሽዬ ቶርኖ ገዝቼ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ተከልኳት። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ናት። ቀን ቢሮ እውላለሁ፤ ማታና እሁድ ብረት እልጣለሁ። ብረቱ ይሽከረከራል፣ ምላጩ ይነካዋል፣ ልጣጩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተጠቅልሎ ይወርዳል። የምሸጠው ነገር የለም። የተሰበረ የበር እጀታ፣ የጠፋ ዳዶ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው የምሠራው።

እማዬ መጀመሪያ ያየች ቀን ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዲግሪህን ይዘህ ቀጥቃጭ ልትሆን ነው? ጎረቤት እንዳይሰማ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ግን ቀልድ አልነበረም።

ታሪክ ያስገላበጠችኝ ያቺ «ጎረቤት እንዳይሰማ» ናት።

ለካ ቶርኖ ቤቱ አስቀምጦ ለደስታው የሚሠራ ሰው ድሮም ነበር። የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የቶርኖ ክፍል ነበረው፤ እንጨትና የዝሆን ጥርስ በገዛ እጁ ይቀርጽ ነበር። ባለሙያው አንድሬይ ናርቶቭ የሠራቸው ቶርኖዎች ዛሬም ሴንት ፒተርስበርግ፣ ኸርሚታዥ ሙዚየም ውስጥ አሉ። በ1701 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሻርል ፕሉሚዬ የሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ ስለ ቶርኖ ሥራ ብቻ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የፈረንሳዩ ሉዊ 16ኛም ቁልፍ መሥራት ይወድ ነበር። ቀልደውበት ይሆናል፤ «ቡዳ ነው» ያለው ግን የለም።

ደግሞ ነገሩ በነገሥታት አላለቀም። ሄንሪ ሞድስሌይ የድሃ ልጅ ነው። በ12 ዓመቱ ለንደን አጠገብ ዉልዊች በሚገኘው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ጥይት ሲሞላ ጀመረ። ኋላ ቁልፍ ሠሪው ጆሴፍ ብራማ ቀጠረው። በሳምንት ከሚከፈለው 30 ሽልንግ በላይ ቢጠይቅ ተከለከለና በ1797 የራሱን ሱቅ ከፈተ። በ1800 ገደማ ጥርስ የሚያወጣ ቶርኖ ሠራ። ምላጩን በእጅ ከመያዝ ይልቅ በመንሸራተቻ ላይ አሰረው፤ መንሸራተቻውን ደግሞ ረጅም ጥርሳም ዘንግ እንዲገፋው አደረገ። ሐሳቡ ከሱ በፊትም ነበር፤ ናርቶቭም ሠርቶበታል። ሞድስሌይ ግን ሁሉንም ከብረት ሠርቶ አቀናጀው።

ከዚያ በፊት አንድ ዳዶ የሚገባው ለራሱ ቡሎን ብቻ ነበር። ከሞድስሌይ ጋር የሠራው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 የቡሎን ጥርስ ሁሉ በአንድ ልክ ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ የጥርሱም ማዕዘን 55 ዲግሪ ሆነ። ዛሬ ሱቅ ሄደን «የ10 ዳዶ ስጠኝ» ማለት የቻልነው ከዚህ በመጣ ልማድ ነው።

እኛ ጋስ?

እኛ ጋ ማረሻና ማጭድ የሚያወጣልን ሰው «ጠይብ» ተባለ፣ «ቡዳ» ተባለ። ቀን ማረሻውን እንገዛዋለን፤ ማታ ጅብ ሆኖ ይመጣል ብለን እንፈራዋለን። ጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል አንጥረኞች ይህን ስም ተሸክመው ኖረዋል። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያንን ሰብስበው ሴባስቶፖልን አስቀለጡ። ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጣ፤ አሁንም እዚያው አለ። መድፉን ሁላችንም እንኮራበታለን። ቀጥቃጩን ግን መስደባችንን አልተውንም።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። እንዲህ ከሰደባችሁት ማረሻ የሚሠራ ሰው እንኳ አይተርፈኝም ነው ነገሩ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። የእኔ እናት ግን አሁንም ጎረቤት ትፈራለች።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቶርኖ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሞርሳ፣ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የኛዎቹ ወናፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት ናቸው። ቃላችን እዚያ ላይ የቆመው ባለሙያ አጥተን አይመስለኝም። ባለሙያው ሙያውን ለልጁ በኩራት እንዳያወርስ ስላሳፈርነው ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ አንድ እሁድ ለእማዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የቡናችንን ዘነዘና ይዛለች። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ዘነዘና ነው።

«አያትህ ነው የሠራው» አለችኝ። «ነጋዴ ነበር ስልህ የኖርኩት... በቃ፣ እንዲህ ነው።»

ተቀበልኳትና አገላበጥኩት። ጎኑ ላይ የመዶሻው ምት ጎድጎድ ጎድጎድ ብሎ ይታያል። «ቶርኖ ላይ ላስተካክለው?» አልኳት።

«ተወው» አለች። «እንዳለ ይሁን።»

እናንተ ቤትስ ሙያው የተደበቀ አያት አለ? እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ ከፈቀዱላችሁ እዚህ ጻፉልን።

ቸር ሰንብቱ።