የአራዳ ሱቆች

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው፣ አባታችን ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል፣ ከቅዱሱ ቃል ሌላ የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር በውስጡ ይዟል። በልጅነቴ በዚያው አገር ቅኔ ስቆጥር ሳለሁ ስለዚሁ ዝርዝር ሲነገር እሰማ ነበር፤ ዳሩ ግን የመጻሕፍትን ስም መቍጠር ምን ይጠቅማል እያልሁ ቸል እለው ነበር። ጥቅሙ የገባኝ ዘግይቶ፣ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከአራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ቆሜ፣ በወጣትነቴ የማውቃቸው ሱቆች የነበሩበትን ስፍራ ለይቼ ማወቅ በተሳነኝ ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ሜዳ የከተማው ትልቅ ገበያ ሆነ፤ ስሙም አራዳ ተባለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ እህሉን፣ ቅቤውንና ማሩን፣ በቅሎውንና ከብቱን ይዞ ይሰበሰብበት ነበር። መገበያያውም ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው ነበረ። የአዲስ አበባ ነጋድራስ የነበሩት ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ቤታቸውን የሠሩት በዚሁ ሰፈር ነው። እንግዲህ ገበያው ከቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር ያደገ ነውና፣ ቅዳሴ የሚወጣው ሰውና ሸቀጥ የሚወርደው ሰው በአንድ መንገድ ይተላለፉ ነበር።

በሜዳው ዙሪያ ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ዐረቦች ሱቅ ከፈቱ። የብዙዎቹ ቤት ታቹ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ ሆኖ፣ ከፎቁ ፊት ለፊት የእንጨት በረንዳ የወጣለት ነበረ፤ ዝናብ የያዘው መንገደኛም ከበረንዳው ሥር ተጠልሎ ዕቃውን ሲመለከት፣ ሳያስበው ገዢ ሆኖ ይወጣ ነበር። የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ ኩባንያ በጨርቁና በልዩ ልዩ ሸቀጡ የታወቀ ነው። ከአርመኖቹ ወገን ዲክራን ኤበያን ለቤተ መንግሥት ወርቅ የሠራ አንጥረኛ ነበረ፤ ማቲክ ኬቮርኮፍም በትንባሆ ንግድ ከብሮ በዚያው ትልቅ ሕንጻ አቆመ። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ሥራውን ጀመረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከአሞሌና ከጠገራ ብር ጋር ወረቀት ይከራከር ጀመር። በአዲስ አበባ ልጆች አነጋገር አራዳ ማለት ነገር የገባው፣ የማይታለል ሰው ማለት ሆኖ መቅረቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ በዚያ ገበያ ውሎ ያልነቃ ሰው ቦርሳውን ይዞ አይመለስምና።

ይህ ሰፈር ግን መከራ ደጋግሞ አግኝቶታል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከከተማው ከወጡ በኋላ፣ ጠላት እስኪገባ ድረስ ባሉት ጥቂት ቀናት ሱቆቹ ተዘረፉ፤ ብዙዎቹም ተቃጠሉ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ ጋር የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ተያያዘ። በዚያው በ1929 ዓ.ም. የመሐመድ አሊ ኩባንያ ሰዎች ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ከዚህም በቀር ጠላት ጥቁሩንና ነጩን ለመለየት ባወጣው አሳብ፣ ገበያውን ነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ወሰደው፤ አራዳንም ፒያሳ አለው፤ በቋንቋቸው አደባባይ ማለት ነው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ስሙ ግን ቀረ። እኔ እስከ ዛሬ አራዳ ማለትን እመርጣለሁ፤ ታክሲ ስሳፈር ግን ፒያሳ እላለሁ፤ አለዚያ የሚወስደኝ የለም።

ከነጻነት በኋላ ሱቆቹ እንደ ገና አበቡ። በጄኔራል ካኒንግሃም ስም በተጠራው መንገድ ግራና ቀኝ ወርቅ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሰዓት አዳሹ፣ ጫማ ሻጩ ተደርድሮ፣ ከመኳንንቱ እስከ ተማሪው ድረስ መስተዋቱን እየተመለከተ ያልፍበት ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ባለ ቤቱ ተከራይ ሆነ፤ ተከራዩም የሚያፈሰውን ጣራ ለመጠገን ገንዘቡን አላወጣም። እኔ የደረስሁት በዚህ ዘመን ነው።

በ1979 ዓ.ም. የቅኔ መምህሬ የኔታ ዐይናቸው ደክሞ መጽሐፍ ማንበብ ተቸገሩ። ያን ጊዜ ከደቀ መዛሙርቱ መካከል አዲስ አበባ ዘመድ ያለኝ እኔ ስለ ነበርሁ፣ መነጽር ገዝቼ እንድመጣ አዘዙኝ። ከሐይቅ ደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ነውና፣ መነጽሩ አልሆነም ብሎ መመላለስ የሚቻል አይደለም። የኔታም ይህን ዐውቀው አንድ ክር አመጡ፤ አንዱን ጫፍ ከዐይናቸው አጠገብ አስይዘው፣ መጽሐፉ በአትሮንሱ ላይ ከሚቀመጥበት ዘንድ አንድ ቋጠሮ፣ ፊደሉ ተለይቶ ከሚታያቸው ከሩቁ ዘንድ ደግሞ ሁለተኛ ቋጠሮ አስቋጠሩኝ። ክሩንም በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

አራዳ ደርሼ ከወርቅ ቤቶቹ በታች፣ ከአንድ አሮጌ በረንዳ ሥር ከምትገኝ ጠባብ የመነጽር ሱቅ ገባሁ። ባለ ሱቁ ሽማግሌ ነበሩ። ጠጕራም የቆሎ ተማሪ ክር ይዞ መነጽር ሲለምን ይሥቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሳቸው ግን ክሩን ተቀብለው ሁለቱን ቋጠሮ በመለኪያ ለኩ፤ ትንሽ አሰቡና፣ «ልጄ፣ የላኩህ ሰው ሐኪም ናቸው?» አሉኝ። «አይደሉም አባባ፣ የቅኔ መምህር ናቸው» አልኋቸው። ቋጠሮዎቹ ምን እንደሚነግሯቸው ያን ጊዜ አልገባኝም፤ በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ከቅርቡና ከሩቁ ልክ ተነሥቶ የሚያስፈልገውን የመስተዋት ኀይል ማስላት ይቻላል። ከመሳቢያቸውም ሁለት መነጽር አውጥተው የአንዱን ዋጋ ብቻ ተቀበሉኝና፣ «የተስማማቸውን ይያዙ፣ ሌላውን ወደዚህ በሚመጣ ሰው ላክልኝ» አሉ። ስሜን አልጠየቁም፤ መያዣም አላሉኝም።

የኔታ ሁለተኛውን መነጽር ባደረጉ ጊዜ መጽሐፉን ከአትሮንሱ ሳያነሡ አነበቡ። የመጀመሪያውን በሚቀጥለው ፋሲካ ወደ አዲስ አበባ በሄደ ዘመድ እጅ መለስሁ። ባለ ሱቁም ሲቀበሉት፣ «ክሩስ?» ብለው ጠየቁ አሉ።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት 3 ቀን የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚያው ሰፈር ተመረቀ፤ በሚከተሉትም ሳምንታት መንገዱን ለማስፋትና ከተማውን ለማደስ ተብሎ በአካባቢው ያሉ ብዙ አሮጌ ቤቶችና ሱቆች ፈረሱ። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ ቤቶች ያረጁና የሚያፈሱ ነበሩ፤ አሮጌ ሁሉ ይቆይ የሚል ሰው ከዚያ በረንዳ ሥር በክረምት አልቆመም። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። የገዳማችን አባቶች መጽሐፋቸውን ሁሉ ቈጥረው ጽፈው ሳለ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ይህ ገበያ፣ ማን ከማን አጠገብ ምን ይሸጥ እንደ ነበረ፣ አንድ የተሟላ ዝርዝር በእጄ አልገባም። የመነጽር ሱቁን ስም እንኳ አላነበብሁትም፤ ሁላችን «ባለ መነጽሩ» እንል ነበር።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት ደብተር ይዤ ከጊዮርጊስ ደጅ ጀመርሁ። ትልልቅ ሰዎችን እየጠየቅሁ፣ የሰዓት አዳሹን፣ የጃንጥላ ጠጋኙን፣ ፊደልና ዳዊት ሻጩን፣ ወርቅ ቤቶቹን በየተራቸው ጻፍሁ። በአንድ ሱቅ ስፍራ ሁለት ሽማግሎች ተከራክረው፣ አንዱ ልብስ ሰፊ ነበረበት፣ ሁለተኛው ዳቦ ቤት ነው ቢሉኝ ሁለቱንም ጻፍሁ። ከወርቅ ቤቶቹ በታች ያለውን ግን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ከአንባቢዎች መካከል ያን ረድፍ የሚያስታውስ ቢኖር፣ ሱቁን በተራው ጽፎ ለዚህ ጋዜጣ ቢልክልኝ፣ ለእርሱ ባዶ ገጽ ትቻለሁ።