የምድር ባቡርና የትንንሽ ከተሞች ዕድል

ባቡር ያለፈበት ስፍራ ሁሉ ይለማል ይባላል። ነገሩ ሲመረመር ግን ለከተማ የሚጠቅመው የባቡሩ ማለፍ ሳይሆን መቆሙ ነው። ለዚህም አዋሽ ሰባት ጥሩ ምስክር ናት።

ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ የሰጡበት ሐዲድ በ1895 ድሬ ዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በዚያን ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንዱን ሌሊት በድሬ ዳዋ፥ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድር ነበር። ስለዚህም በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ ሆቴል ተሠራ፤ ምግብ ሻጩም፥ ተሸካሚውም እንጀራውን ከዚያው አገኘ። ኋላ ፈጣን ባቡር ሲመጣ ማደሩ ቀረ፤ አውራ ጎዳናውም መንገደኛውን ወደ አውቶቡስ ሳበው። የጣቢያው ሰፈር እየቀዘቀዘ ሄደ።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ይህንኑ ችግር በሌላ መልክ አመጣው። በአዲስ አበባ ለገሃርን ትቶ ከዳር በለቡ፥ በድሬ ዳዋም ከከዚራ ርቆ ከከተማው ውጭ ይቆማል። መንገደኛው ከባቡር ሲወርድ የቀድሞውን ገበያ አያየውም።

የጭነቱ ንግድ ከተሞቹን ይበቃቸዋል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ጭነት ሻይ አይጠጣም፥ አልጋም አይከራይም።

እንግዲህ የቀድሞውን መሐል ከተማ ለማደስ የሚያስብ ሁሉ ሕንፃ ከማስቀባቱ በፊት መንገደኛው ከጣቢያ እስከ ገበያ በምን እንደሚደርስ ይጠይቅ። ከባቡሩ ሰዓት ጋራ የተስማማ የባጃጅ ወይም የትንሽ አውቶቡስ መስመር፥ ለእግረኛም ጥላ ያለው መንገድ ቢዘጋጅ፥ ታሪክ እንደሚያስተምረን፥ መንገደኛው ቆም ይላል፤ ከተማውም ከእርሱ ጋራ ይኖራል።