በጠረጴዛ ቴኒስ የኳስ ሽክርክሪት አጠቃቀም

የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወቻ ጠረጴዛ ርዝመቱ 2.74 ሜትር፣ የመረቡ ቁመት ደግሞ 15.25 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ አጭር ሜዳ ላይ በጉልበት ብቻ የተመታ ኳስ ከጠረጴዛው አልፎ ይወጣል፤ በዝግታ የተመታ ደግሞ ለተጋጣሚ ምቹ ይሆናል። ኳሱን በፍጥነት መትቶ በጠረጴዛው ላይ ለማሳረፍ የሚያስችለው ሽክርክሪት ነው። በመሆኑም ጀማሪ ተጫዋች ጠንክሮ ከመምታት አስቀድሞ ሽክርክሪትን መስጠትና መለየት ሊማር ይገባል።

የሽክርክሪት ዓይነቶች

ኳሱ ክብደቱ 2.7 ግራም ብቻ ስለሆነ በሚሽከረከርበት ጊዜ አየሩ በቀላሉ ከመስመሩ ያጥፈዋል።

ቶፕስፒን፦ የኳሱ የላይኛው ክፍል ወደ ፊት የሚዞርበት ነው። ኳሱ መረቡን ካለፈ በኋላ በፍጥነት ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠረጴዛውን ሲነካም ወደ ፊት ይስፈነጠራል።

ባክስፒን፦ የቶፕስፒን ተቃራኒ ነው። ኳሱ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠረጴዛውን ሲነካ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ሳይድስፒን፦ ኳሱ ወደ ጎን እንዲታጠፍ ያደርጋል፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ከአንዱ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል።

ሽክርክሪት እንዴት ይሰጣል?

ራኬቱ ኳሱን ፊት ለፊት ሲመታው ፍጥነት፣ ሲያብሰው ደግሞ ሽክርክሪት ይፈጠራል። ለቶፕስፒን የራኬቱ ፊት በመጠኑ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ክንድም ከታች ወደ ላይና ወደ ፊት ይንቀሳቀሳል። ለባክስፒን የራኬቱ ፊት ወደ ላይ ይከፈትና የኳሱን ሥር ወደ ታችና ወደ ፊት ያብሳል። ሽክርክሪቱን የሚያበዛው በሚነካበት ቅጽበት የእጅ አንጓ የሚያደርገው ፈጣን እንቅስቃሴ ነው። ጎማው አቧራ ከያዘ ወይም ካረጀ ኳሱን አይዝም፤ ስለዚህ ከጨዋታ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ሊጸዳ ይገባል።

የተጋጣሚን ሽክርክሪት መቀበል

አብዛኛው የጀማሪ ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ቶፕስፒን ያለው ኳስ ራኬቱን ሲነካ ወደ ላይ ስለሚነሣ የራኬቱን ፊት ወደ ታች ማዘንበል ያስፈልጋል። ባክስፒን ያለው ኳስ ወደ መረቡ ስለሚወርድ የራኬቱን ፊት ከፍቶ መግፋት ወይም ከታች ወደ ላይ አብሶ ማንሣት ይገባል። ሳይድስፒን ሲመጣ የተጋጣሚው ራኬት እንቅስቃሴውን ወደ ጀመረበት ወገን ማነጣጠር ይረዳል። ተጫዋቹ መመልከት ያለበት የተጋጣሚውን የክንድ ውርወራ ሳይሆን ራኬቱ ኳሱን የነካበትን ቅጽበት ነው። ጥሩ ተጫዋች በተመሳሳይ እንቅስቃሴ አንድ ጊዜ ብዙ፣ አንድ ጊዜ ጥቂት ሽክርክሪት በመስጠት ያሳስታልና።

ሰርቭና ሕጉ

በሰርቭ ጊዜ ኳሱ በተዘረጋ መዳፍ ላይ ካረፈ በኋላ ሳይሽከረከር ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ቀጥ ብሎ መወርወር አለበት፤ ከተቀባዩ እይታም መሰወር የለበትም። ሽክርክሪቱ ከጣት ሳይሆን ከራኬት ብቻ እንዲመነጭ ሕጉ ያስገድዳል።

የልምምድ ዘዴ

የኳሱን ግማሽ በቀለም መቀባት ተማሪው የሽክርክሪቱን አቅጣጫ በዓይኑ እንዲያይ ያደርገዋል። የባክስፒን ሰርቭ ለሚለማመድ ደግሞ መለኪያው ቀላል ነው፦ ከመረቡ ማዶ ያረፈው ኳስ ወደ መረቡ ተመልሶ ከተንከባለለ ኳሱ በትክክል ታብሷል ማለት ነው። አሠልጣኞች ሽክርክሪትን በዝግታ አስጀምረው፣ እንቅስቃሴው ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ፍጥነት እንዲጨምሩ ይመከራል።